ለማሽን የሚቆላ ቡና

ለጀበና ቆልተን፣ ጭሱን አሽትተን፣ ወዲያው ወቅጠን እናፈላለን። የኤስፕሬሶ ማሽን ግን እንዲህ ያለ ጥድፊያ አይወድም። ገና የተቆላ ቡና ጋዝ ስለሚበዛው ውሃው እኩል አያልፍበትም፤ ስኒው አረፋ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሳምንት ያህል ማረፍ አለበት። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ያደረ ቡና ልታጠጪኝ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

የታጠበ ይርጋጨፌ ነፍሴ ነው፣ በኤስፕሬሶ ግን ኮምጣጣነቱ ይጎላል። ለማሽን ያልታጠበ፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ፣ ሲዳማ ወይም ጉጂ እመርጣለሁ፤ ጣፈጥ ይላል።

ጥሬውን ልቀሙት፤ የተበሳውንና የጠቆረውን አውጡ። ከመቁላት በፊት ማጠቡን ግን ተዉት፣ እርጥበቱ ያዘገየዋል። 200 ግራም ወፈር ባለ ብረት ምጣድ ላይ፣ መካከለኛ እሳት፣ እጅ ሳያርፍ ማማሰል። መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቡናማ። ወደ 10 ደቂቃ ገደማ እንደ ፈንዲሻ መንጣጣት ይጀምራል። ጆሯችሁን እዚህ ላይ ጣሉ! መንጣጣቱ ጋብ ካለ በኋላ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ጨምሩና አውጡት። ለጀበና ወዙ እስኪወጣ እንጠብቃለን፤ እዚህ ግን ወዙ ሳይታይ ነው የሚወጣው። የወዛ ቡና መፍጫውን ያጣብቀዋል፣ ምሬቱም ይበዛል። ወዲያው ሰፌድ ላይ ገልብጡና አንፍሱት፤ ገለፈቱም ይበራል፣ ቡናውም ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስትመዝኑት 170 ግራም አካባቢ ይሆናል።

ሙቀጫ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዱቄትና ሻካራ ስብርባሪ አንድ ላይ ስለሚወጣ ውሃው በቀለለው በኩል ሾልኮ ያመልጣል። የእጅም ይሁን የኤሌክትሪክ፣ ደህና መፍጫ ግዙ። ከማሽኑ ይልቅ ገንዘብ የሚገባው ለእሱ ነው ባይ ነኝ።

18 ግራም ፈጭታችሁ ቡና የሚገባበት የማሽኑ እጀታ ውስጥ አስተካክላችሁ ጠቅጥቁ። ስኒውን ሚዛን ላይ አስቀምጡ። ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ 36 ግራም ከወረደ ጥሩ ነው። በ15 ሰከንድ ከተንዠቀዠቀ ይኮመጥጣል፣ አድቅቃችሁ ፍጩት። እየተንጠባጠበ 40 ሰከንድ ካለፈ ይመራል፣ ሻካራ አድርጉት። ሌላውን ሁሉ ሳትነኩ አፈጫጩን ብቻ ቀይሩ።

መብራት ከሄደ ሞካ፣ ማለትም እሳት ላይ የሚጣደው የቡና ማፍያ፣ አለ። እውነተኛ ኤስፕሬሶ አይደለም፣ ግን ለማኪያቶ አያሳፍርም። ቡናውን ትንሽ ሻከር አድርጋችሁ ፍጩ፣ ከታች የፈላ ውሃ ጨምሩ፣ ማጣሪያውን ቡና ሳትጠቀጥቁ ሙሉት። እሳቱ ዝቅ ይበል፤ መንፏፏት ሲጀምር አውርዱት።