አሮጌ መርሴዲስ ዘይት ሲያፈስ፦ ምንጩን አግኝቶ ለማስቆም

አሮጌ መርሴዲስ ያለው ሰው መኪናው በሚያድርበት ቦታ የማይለቅ ጥቁር ምልክት ያውቃል። ድሬዳዋ ላይ ለዚህ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ "አቦ፣ አሮጌ መኪና ያልበዋል፣ ዘይት ጨምርበትና ንዳው!" እኔ በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ደብልዩ 124 የሚባሉት መርሴዲሶች፣ እነ 200፣ 230 እና 300 ኢ፣ በሥርዓት ከተያዙ ገና ብዙ ያገለግላሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈስሱት ደግሞ ዋጋቸው ትንሽ በሆነ የጎማ ዕቃዎች ምክንያት ነው።

እኛ አገር ነገሩን የሚያብሰው ሙቀቱ ነው። ኦይል ሲል፣ የድሮ መካኒኮች ፓራኦሊዮ የሚሉት፣ ከንፈሩ ለስላሳ የሆነ የጎማ ቀለበት ነው። የሚሽከረከረውን ዘንግ ዙሪያውን ይዞ ዘይቱን ያግዳል። ሙቀት ዓመት በዓመት ሲመታው ይደርቅና መያዙን ይተዋል። ዘይቱም በሙቀት ይቀጥናል። ከድሬ፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት የሚወጣ መኪና ሁለቱም ችግር በአንድ ላይ ይገጥመዋል። ከዚያ የድሬ አቧራ በዘይቱ ላይ ተለጥፎ ጭቃ ይሠራል፤ ምንጩን ይሸፍናል።

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ እወቁ። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ይህን ሳያይ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አስወርዶ ሲል የሚያስቀይር ሰው አለ። ዘይቱ ግን ከላይ፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ነበር የሚወርደው።

ካርቶኑ ምን ይላል

ማታ መኪናው ሥር ሰፊ ካርቶን ዘርጉ። የፊትና የኋላ ጎማ የት እንደቆመ ምልክት አድርጉበት። ጠዋት ቀለሙንና ቦታውን እዩ። ከፊት ያለ ቡናማ ወይም ጥቁር የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ነው፤ የመሪው ከፊት፣ የካምቢዮው መሀል አካባቢ ይወድቃል። ከኋላ ያለ፣ ወፍራምና ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የዲፈረንሻል፣ በኋላ ጎማዎቹ መሀል ያለው የጥርስ ሳጥን፣ ዘይት ነው። ያረጀ የካምቢዮ ዘይት ስለሚጠቁር ግን በቀለም ብቻ አትፍረዱ።

ከዚያ እጠቡት። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ጠዋት በማለዳ፣ በነጭ ጋዝና በብሩሽ። ቤንዚን አትጠቀሙ፣ እሳት ነው። ዲናሞውንና ዲስትሪቢዩተሩን በፌስታል ሸፍኑ። በደንብ ሲደርቅ የጠረጠራችሁትን ቦታ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት። ከዚያ እስከ ደንገጎ ወጥታችሁ ተመለሱ። ዳገቱ ሞተሩንም ካምቢዮውንም በደንብ ያሠራል፤ ከተማ ውስጥ ከከዚራ ሳቢያን መመላለስ ይህን አያደርግም። ስትመለሱ በባትሪ መብራት እዩ። ዘይቱ ፓውደሩ ላይ መንገድ ሠርቶ ታገኙታላችሁ። ከእርጥቡ ሁሉ ከፍ ያለውና ወደ ፊት ያለው ቦታ ምንጩ ነው።

ሲል ከመግዛት በፊት ትንፋሹን ክፈቱ

ይህን ደረጃ ብዙ ጋራዥ ይዘለዋል። ሞተር ሲሠራ ውስጡ ግፊት ይፈጠራል። ግፊቱ ከቴስታታው ክዳን ተነስቶ ወደ አየር መሳቢያው በሚሄድ ቱቦ ይወጣል። ቱቦው በደረቀ ዘይት ከተደፈነ ግፊቱ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ ደህናውን ሲል ሳይቀር ገፍቶ ዘይት ያስወጣል። ቱቦውን አውጡት፣ በነጭ ጋዝ እጠቡት፣ ንፉበት። ከተሰነጠቀ ቀይሩት።

ዲፈረንሻሉም ከላይ ትንሽ መተንፈሻ አለው። በጭቃ ሲደፈን ሲሎቹ ያፈስሳሉ። በሽቦ ብሩሽ አጽዱትና አየር ማሳለፉን አረጋግጡ። አንዳንድ ፍሳሽ እዚህ ላይ ይቆማል፣ ያለ ምንም ወጪ።

ከላይ ጀምሩ፦ ሞተሩ

የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን (በክዳኑና በቴስታታው መሀል ያለው ማሸጊያ) መቀየር በቤት የሚሠራ ሥራ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ገመዶቹንና ቱቦውን አንሱ፣ ቡሎኖቹን ፍቱ፣ ክዳኑን አንሱ። አሮጌው ጓርኒሲዮን እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ከተሰበረ ጥፋተኛው እሱ ነው። ቦታው አሉሚኒየም ስለሆነ በካቻቢቴ አትፋቁት፤ የፕላስቲክ መፋቂያ ተጠቀሙ። አዲሱን በደረቁ አስገቡ። ቡሎኖቹን ከመሀል ወደ ውጭ፣ በየተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። ከ10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ማለፍ የለበትም። አብዝቶ ማጥበቅ ክዳኑን ያጣምማል፣ ፍሳሹንም ያብሳል።

ሲሊኮን ዙሪያውን መቀባት የሚባለውን ነገር ተዉት። የተረፈው ወደ ውስጥ ይወድቅና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል። ዘይት ያጣ ሞተር ደግሞ ብዙ አይቆይም። ሲሊኮን የሚፈቀደው ሁለት ብረቶች የሚገናኙበት ጥግ ላይ፣ በጣት ጫፍ የምታህል ብቻ ነው።

ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 300 ኢ አንድ የታወቀ ድካም አለው። ከቴስታታው ፊት ያለው የላይኛው የሰንሰለት ክዳን ያፈስሳል። ዘይቱ በሞተሩ ፊት ወርዶ ኮፓውን፣ ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ያረጥባል። ያየው ሁሉ "የፊት ሲል ነው" ወይም "ኮፓው ነው" ይላል። ፓውደር የነሰነሰ ሰው ግን አይሸወድም።

ካምቢዮው

ይህ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። መጀመሪያ መኪናውን ጠንካራና ሜዳ መሬት ላይ አቁሙ፣ አሸዋ ላይ አይሆንም። ጎማውን በድንጋይ አግዱ፣ ከዚያ በካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ ወደ ተነሳ መኪና ሥር አትግቡ። የጫነው ብረት ነው፣ ቢወርድ ጊዜ አይሰጥም።

ዘይቱ ለብ ሲል ከካምቢዮው ኮፓ ሥር ባለው መፍሰሻ አፍስሱ። ኮፓውን ፍቱ፣ ፊልትሩንና ጓርኒሲዮኑን ቀይሩ። ኮፓው ውስጥ ጥቁር ደቃቅ አተላ መኖሩ የተለመደ ነው፤ የብረት ስብርባሪ ካለ ግን ነገሩ ከፍሳሽ ያለፈ ነውና መካኒክ ይየው። በሚበጠስ ጨርቅ አትጥረጉ፤ ክሩ የውስጥ ቀዳዳዎችን ይደፍናል። ቡሎኖቹን በ8 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ይህ በአጭር ቁልፍ በትንሽ ኃይል የሚገኝ ነው።

ዘይቱ ዴክስሮን 3 ይሁን። ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ ፍሬን ይዛችሁ ማርሾቹን አንድ በአንድ አሳልፉ። ከፍታውን የምትለኩት ካምቢዮው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ (ማቆሚያ) ላይ ሆኖ ነው። በመለኪያው ዘንግ ላይ ከታችኛው መስመር እስከ ላይኛው ያለው ልዩነት 0.3 ሊትር ብቻ ነው። ከበዛ ዘይቱ ይናጣል፣ አረፋ ይሠራል፣ በመተንፈሻ ይወጣል። ባለቤቱም አዲስ ፍሳሽ መጣ ብሎ ይደነግጣል።

የካምቢዮ ዘይት እየጎደለ መሬት ላይ ጠብታ ካላገኛችሁ ደግሞ የቫኪዩም ሞዱሌተሩን ጠርጥሩ። ካምቢዮው ጎን ላይ የተሰካ ክብ ብረት ነው፣ ከሞተሩ ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። ውስጡ ያለው ጎማ ሲቀደድ ሞተሩ ዘይቱን ይስበውና ያቃጥለዋል። ቱቦውን ነቅላችሁ ውስጡ ቀይ ዘይት ካገኛችሁ ምክንያቱ ተገኘ።

ዲፈረንሻሉ

እዚህ አንድ ሕግ አለ፦ መሙያውን ሳትከፍቱ መፍሰሻውን አትክፈቱ። መሙያው አልከፈት ብሎ ዘይቱን ቀድሞ ያፈሰሰ ሰው መኪናው ከቆመበት አይነሳም። ሁለቱም 14 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ይፈልጋሉ። ቁልፉን ስትገዙ ጠንካራውን ምረጡ፤ ርካሹ ይሽከረከርና አፉን ያበላሻል። 85ደብልዩ 90 የሆነ፣ ጂኤል 5 የሚል ዘይት ሙሉ። ከመሙያው ከንፈር መፍሰስ ሲጀምር በቃው።

ከአክስሎቹ በኩል ያሉት የጎን ሲሎችና ከፊት ረጅሙ ዘንግ የሚገባበት ሲል ግን ልምድ ይጠይቃሉ። የፊተኛው ዳዶ የውስጡን ኩሽኔታ ጫና የሚወስን ነው። መካኒኩ ዳዶውን ምልክት ሳያደርግበት ሊፈታ ሲል ካያችሁ አስቁሙት። ያለ ልክ የታሰረ ዲፈረንሻል ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጮህ ይጀምራል።

የተቀዳውን ዘይት በጀሪካን ሰብስባችሁ ለጋራዥ ስጡ። ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አታፍስሱ። የድሬ ሕዝብ የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፣ አሸዋው ደግሞ ምንም አያስቀርም።

ለጋራዥ የሚቀረው ካምቢዮና ሞተር የሚገናኙበት ቦታ ነው። እዚያ ሁለት ሲሎች ጎን ለጎን ናቸው፦ የሞተሩ የኋላ ሲልና የካምቢዮው የፊት ሲል። አንዱን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት፣ የሥራው ዋጋም ያለው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ሂዱ። ድሬ ላይ ካጣችሁ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አስፈልጉ። ሲል ላይ የተጻፈውን ሦስት ቁጥር፣ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት፣ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ካምቢዮው ወርዶ እያለ አንዱን ብቻ ቀይሮ መመለስ የሚፈልግ መካኒክ ቢያጋጥማችሁ እሺ አትበሉት።