ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት፦ ከመታሸታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ሰላም ናችሁ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ክረምት ገብቶ ጭቃው ማንሸራተት ሲጀምር እኛ ሰፈር "እግሬን ወለም አለኝ" የሚል አይጠፋም፣ የመንዝና የአንኮበርን ቁልቁለት ለሚወጣ ለሚወርደውማ ምን ልበላችሁ። መልሱ ደሞ ሁሌም አንድ ነው፣ "ወለምታ ነው፣ ወጌሻ ይሽህ"። ስብራቱም ወለምታ ይባላል፣ የተበጠሰው ጅማትም፣ ሪሁም። ፊዚዮቴራፒ ላይ ስለምሰራ በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው፣ ከምልክቱ ተነስቼ ልጻፍላችሁ።

መርገጥ ካቃታችሁ

መጀመሪያ ይሄን እዩ፣ ሌላው ይደርሳል። ልክ እንደወደቃችሁም አሁንም እያነከሳችሁ እንኳ 4 እርምጃ መሄድ ካልቻላችሁ፣ ወይ ደሞ በግራና በቀኝ ጉብ ብለው የሚታዩትን የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ከጫፋቸው በኋለኛው ጠርዝ ወደላይ እስከ 6 ሴንቲ ድረስ በጣት ስትጫኑ አጥንቱ ላይ ካመማችሁ ስብራት ሊሆን ስለሚችል ኤክስሬይ ያስፈልጋችኋል። ከትንሿ ጣት በእግር ጠርዝ ወደኋላ ስትሄዱ መሀል ላይ ጉብ ያለች አጥንት አለች፣ እሷንም ንኩ፣ በውስጥ በኩል ከእግር ቅስት በላይ ያለችውንም፣ ካመማችሁ ያው ኤክስሬይ ነው። ካናዳ ኦታዋ ያሉ ሀኪሞች በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመሪያ ነው፣ ምንም መሳሪያ አይፈልግም፣ ጣትና ትዕግስት ብቻ። ስብራት ከሆነና አጥንቱ ቦታውን ካልለቀቀ ብዙ ጊዜ በጀሶ ይድናል፣ ከለቀቀ ግን ኦፕሬሽን ሊኖር ይችላል።

ካበጠ ግን ከተረገጠ

አብዛኛው ሰው እዚ ውስጥ ነው። እግሩ ወደ ውስጥ ይታጠፍና በውጭ በኩል ያለው ጅማት ይለጠጣል ወይ በከፊል ይቀደዳል፣ ያ እብጠትና መጥቆር ውስጥ የፈሰሰ ደም ነው። እንግዲህ የተቀደደ ጅማት በቅቤ ታሽቶ ሲጎተት ምን እንደሚሆን አስቡት፣ መድማቱ ይብሳል፣ ቅዳዱም ይሰፋል። በሙቅ ውሃና ጨው መዘፍዘፉም ለመጀመሪያው 2 እና 3 ቀን ይቅር። ቀዝቃዛ ነገር ነው የሚፈልገው፣ ፍሪጅ የሌላችሁ አትጨነቁ፣ የኛ አገር የኅዳርና የታህሳስ ውሃ ጠዋት ላይ ከበረዶ አይተናነስም፣ ጨርቅ ነክራችሁ 15 ደቂቃ ያህል፣ በቀን 3 ወይ 4 ጊዜ። ላስቲክ ፋሻ ከጣቶቹ ስር ጀምሮ ወደላይ፣ ስትተኙ እግሩን ትራስ ላይ ከፍ አድርጉት። ለህመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፣ ጨጓራ ወይ ኩላሊት ያለበት ሰው ዲክሎፌናክ ዝም ብሎ እየገዛ አይዋጥ። ከዛ በኋላ ቀስ እያሉ መርገጥ ነው እንጂ ወር ሙሉ አልጋ ላይ መዋል አያድንም። ቀላሉ በ1 ወይ 2 ሳምንት ይሻለዋል፣ ከባዱ 6 ሳምንትም ከዛ በላይም ይፈልጋል።

ከታሰረ በኋላ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይ ከደነዘዘ

ይሄን ስጽፍ ከመንዝ በኩል የመጣ አንድ የዘመዳችን ልጅ ነው ፊቴ ላይ የሚመጣው። እግሩን በሸምበቆና በጨርቅ ጥብቅ አርገው አሰሩት፣ ሁለት ሌሊት አለቀሰ፣ በሶስተኛው ቀን ዝም አለ፣ እናትየው "ተመስገን ለቀቀው" አለች። ለካ ደም አጥቶ ደንዝዞ ነው፣ ሲፈታ ጣቶቹ ጠቁረዋል፣ ሁለቱን አጣቸው። ወጌሻዎቻችንን መናቄ አይደለም፣ ግን ማንም ይሰረው ማን፣ ጀሶም ቢሆን፣ የጣቱን ጥፍር ጫን አርጋችሁ ልቀቁት፣ ነጭ ሆኖ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ቀይ ካልተመለሰ፣ ወይ ህመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ወይ መውረር ካለ፣ ማታም ቢሆን ፋሻውን ፍቱት፣ ጀሶ ከሆነ ያኔውኑ ሆስፒታል ሄዳችሁ አስቀድዱት። ነጋ አልነጋ አትበሉ።

በየጊዜው ከታጠፈ

"ይሄ እግሬ አንዴ ወለም ካለው ወዲህ ሜዳ ላይም ይከዳኛል" የሚሉ አሉ። ጅማቱ ቢድንም ሚዛን የሚጠብቀው ስሜትና ጡንቻው አልተመለሰም ማለት ነው። ቡናው ጀበና ላይ እስኪፈላ በአንድ እግር ቁሙ፣ ግድግዳ አጠገባችሁ ይሁን፣ ሲለምዳችሁ አይናችሁን ጨፍኑ። ቁጭ ብላችሁ ደሞ በአውራ ጣታችሁ አየር ላይ ከሀ እስከ ፐ ጻፉ፣ ቀላል ይመስላል ግን መገጣጠሚያውን በሁሉም አቅጣጫ ያዞረዋል። ቢያንስ 6 ሳምንት፣ በየቀኑ።

ከኋላ "ጧ" ካለ

ሰው በርግጫ የመታችሁ መስሏችሁ ዞር ስትሉ ማንም ከሌለ የተረከዝ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በሆድ አስተኝታችሁ ባቱን ጨመቅ ስታረጉ እግሩ ካልተንቀሳቀሰ ቶሎ ሀኪም ጋ፣ ሳምንታት ካለፉ ህክምናው ይከብዳል።

ምንም ሳይታጠፍ ካበጠ

እዚ ጋ ማሸት ጭራሽ አይታሰብ። ከፋሲካ ስጋና አረቄ በኋላ በሌሊት አንድ መገጣጠሚያ፣ በተለይ አውራ ጣት ወይ ቁርጭምጭሚት፣ ቀልቶ ብርድ ልብስ እንኳ ሲነካው የሚያስጮህ ከሆነ ሪህ ሊሆን ይችላል፣ ዩሪክ አሲድ ነው መንስኤው፣ መድኃኒት አለው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት ግን ውስጡ መግል ሊሆን ስለሚችል በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ይበላዋል፣ በመርፌ ፈሳሹ ተወስዶ መመርመር አለበት፣ ለነገ አይባልም። ልጅ ደሞ ጉሮሮውን ታሞ ከ2 ወይ 3 ሳምንት በኋላ ህመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት እየዞረ ካስቸገረው ልብን የሚጎዳው ሩማቲክ ፊቨር ሊሆን ስለሚችል ልቡ ይታይ፣ እንዳይደጋገምበት በየ3 ወይ 4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ነው የሚሰጠው፣ አታቋርጡበት።

ከገጠር ለምትመጡ፦ ኤክስሬይ ያለበት እስክትደርሱ ጫማውን አውልቁ፣ ጋቢ አጥፋችሁ እግሩን ከባት እስከ ተረከዝ እንደ ትራስ ክበቡት፣ ላዩን በነጠላ ላላ አርጋችሁ እሰሩ፣ ጣቶቹ ውጭ ይቅሩ፣ በየመንገዱ እያያችኋቸው ሂዱ።