ጃፓንኛ ስንማር እንግሊዝኛው የሚያሳስተን ቦታዎች

ጃፓንኛ የምንማርበት አፕም መጽሐፍም ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚያው ነው። ሦስት አራት የጃፓንኛ ቃል በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይፈታል። አማርኛውን ብናስቀድም ግን ግማሹ ስህተት አይፈጠርም ነበር።

ሁሉን ነገር "ኪሩ" ማለት። ኪሩ "መልበስ" ነው፤ ግን ለሸሚዝ፣ ለኮት፣ ለኪሞኖ ነው። ኮፍያ ሲሆን ካቡሩ፣ መነጽር ሲሆን ካኬሩ ይባላል። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል አለው። እኛ ግን ኮፍያ እንደፋለን፣ ጫማ እንጫማለን፣ ቀለበት እናጠልቃለን፤ ነገሩ አዲስ አይሆንብንም። ሱሪ ላይ ብቻ ጠንቀቅ በሉ። እኛ እንለብሰዋለን፤ ጃፓኖች ግን ከወገብ በታች ያለውን ሁሉ፣ ሱሪውንም ጉርድ ቀሚሱንም ካልሲውንም፣ ከጫማ ጋር "ሃኩ" ይሉታል።

ብርድና ቀዝቃዛን መቀላቀል። "በረደኝ" ለማለት ሳሙይ ነው። ቢራው ወይም እጃችሁ ሲቀዘቅዝ ትሱሜታይ። ስለ ራሳችሁ "ትሱሜታይ" ካላችሁ ደግሞ "እኔ ርኅራኄ የለኝም" ያላችሁ ይመስላል።

"አትሱይ ሚዙ"። ሙቅ ውሃ ማለታችሁ ነው፤ ግን ማንም እንዲህ አይልም። ሚዙ ያልሞቀ ውሃ ነው። ከሞቀ ስሙ ራሱ ይቀየራል፦ ኦዩ።

ለሁሉም ጥያቄ "ሺሪማሴን" (አላውቅም) ብሎ መመለስ። ይሄኛው ሰው ያስቀይማል። "ስልክ ቁጥሩን ታውቃለህ?" ለሚል ጥያቄ ችግር የለውም፤ መረጃው የለኝም ማለት ነው። ጓደኛችሁ "ቅዳሜ ትመጣለህ?" ሲላችሁ ሺሪማሴን ካላችሁ ግን "እኔ ምን አገባኝ" እንደማለት ነው። ያን ጊዜ ዋካሪማሴን በሉ። መዝገበ ቃላቱ "አይገባኝም" ብሎ ይፈታዋል፤ እዚህ ቦታ ግን የሚሠራው ሥራ የእኛን "እንጃ" ነው። ገና አልወሰንኩም እንጂ ግድ የለኝም አይደለም።

አሩና ኢሩ። እዚህ አማርኛም አያድነንም፤ ለእኛ ሰውም አለ፣ ወንበርም አለ። በጃፓንኛ ሰውና እንስሳ ኢሩ፣ ዕቃ አሩ ነው። ሕይወት ስላለው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዛፍ አሩ ነው። ዓሣ ባሕር ውስጥ ኢሩ፣ ገበያ ላይ ለሽያጭ ሲቀርብ አሩ። ታክሲ ሹፌሩ ገብቶበት ተሳፋሪ ሲጠብቅ ደግሞ "ኢሩ" ሲባል ትሰማላችሁ።