ድንኳናችሁ ቢቀደድ አትጣሉት

አብዛኛው የድንኳን ቀዳዳ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ማጣበቂያው እስኪደርቅ መጠበቅ ብቻ። ጥገናው የሚከሽፈው ሸራው ምን እንደተቀባ ሳናይ ያገኘነውን ሁሉ ስንለጥፍበት ነው። እኔ አንዴ እንዲህ ጠግኜ፣ በሁለተኛው ሌሊት ዝናብ ሲመጣ መጣፊያው ተላቆ ውኃው ፊቴ ላይ ሲንጠባጠብ ነው የነቃሁት።

ስለዚህ መጀመሪያ ሸራውን እወቁት። ጨርቁ ባብዛኛው ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው፤ ውኃ የሚከለክለው ግን ላዩ ላይ የተቀባው ነገር ነው፣ እሱም ወይ ፖሊዩሪቴን ወይ ሲሊከን ነው። መለያው ቀላል ነው። ጣሪያውን ገልብጡና ስፌቱን ከውስጥ እዩ። የፋብሪካ ፕላስተር ከተለጠፈበት ያ ገጽ ፖሊዩሪቴን ነው፣ ሲሊከን ላይ እንዲህ ያለ ፕላስተር አይይዝም። ፕላስተር ከሌለውና ሲነካ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ግን ሲሊከን ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዱ ከውጭ ሲሊከን፣ ከውስጥ ፖሊዩሪቴን ስለሆነ ሁለቱንም ገጽ ለየብቻ ፈትሹ። ሲሊከንን የሚይዘው ሲሊከን ብቻ ነው፤ ይቺን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ቀዳዳው። ሸራውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጉ፣ የተንጨፈረረውን ክር ቁረጡ፣ ዙሪያውን በአልኮል ጥረጉና አድርቁ። የተቀደደውን ጫፍ ለጫፍ አገናኙት። መጣፊያው ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይተርፍ፣ ማዕዘኑንም በመቀስ ክብ አድርጉት፤ ሹል ማዕዘን ሁልጊዜ ቀድሞ ይላቀቃል። ፖሊዩሪቴን ከሆነ ለድንኳን የተሠራውን ተለጣፊ መጣፊያ ከመሃል ወደ ዳር እየተጫናችሁ ለጥፉና በማንኪያ ጀርባ እሹት። ሲሊከን ከሆነ ተመሳሳይ ጨርቅ ቁረጡ፣ የሲሊከን ማጣበቂያ በስሱ ቀቡና ከባድ ነገር ጭናችሁበት 24 ሰዓት ተዉት። ብርማው ወፍራም ፕላስተር ለሌሊት ችግር ይሁን እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም፤ ሙቀት ሲያገኘው ሙጫውን ሸራው ላይ ትቶ ይነሳል።

መርፌ ለማንሳት አትቸኩሉ። እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ አዲስ ማፍሰሻ ነው። መስፋት የሚያስፈልገው ገመድና ካስማ የሚወጥሩት ቦታ ሲቀደድ ነው፣ እሱንም ከሰፋችሁ በኋላ በማሸጊያ መቀባት አለባችሁ። የትንኝ መከላከያው መረብ ግን ውኃ ስለማይመለከተው እንደልብ ይሰፋል።

የስፌቱ ፕላስተር እየተላጠ ከሆነ የላላውን ብቻ ንቀሉና ቦታውን በአልኮል አጽድታችሁ ለቅቡ የሚስማማ ማሸጊያ በብሩሽ ቀቡ። ሸራው ራሱ የሚያጣብቅና የሚሸት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ፖሊዩሪቴኑ በእርጥበት ፈራርሷል፣ ምንም መጣፊያ አይዘውም። ወለሉ ብቻ ከሆነ አሮጌውን ቅብ ፍቆ እንደገና መቀባት ያዋጣል። ጣሪያው በሙሉ ከሆነ ግን እኔ አልደክምበትም፣ ሌላ ጣሪያ እፈልጋለሁ።

የተሰበረ ዘንግ ላይ አጭር ቱቦ አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር ጠምጥሙ። ቱቦ ከሌለ ካስማ ጎን ለጎን አስሩበት። ፋይበርግላስ ሲሰነጠቅ ስንጥሩ እጅ ውስጥ ስለሚገባ ጓንት አድርጉ። ዘንግ ስታጥፉ ከመሃል ጀምሩ፣ ውስጡ ያለው ላስቲክ እኩል ይሳብና ዕድሜው ይረዝማል።

ዚፕ ተዘግቶ ከኋላው የሚከፈት ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የጥርሱ ሳይሆን የተንሸራታቹ ነው። አሸዋውን በጥርስ ብሩሽ አራግፉና የተንሸራታቹን ሁለት ጎን ከኋላ በኩል በፒንሳ በጣም በትንሹ ጨመቅ አድርጉ፣ ሞክሩ፣ ካልሆነ ትንሽ ድገሙ። በአንዴ ከጨመቃችሁት ይሰበራል። ዘይት አትቀቡት፣ አቧራ ይሰበስባል፤ ሻማ ይሻላል።

ድንኳንን ከእሾህ ይልቅ እርጥብ ሆኖ መጠቅለል ነው የሚገድለው። ጠዋት ጤዛ እያለበት ጠቅልላችሁ ከሆነ ቤት እንደገባችሁ፣ ምንም ያህል ቢደክማችሁ፣ ዘርጉትና እስከ ስፌቱ ይድረቅ። ጥላ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፣ ፀሐይ ናይለኑንም ፖሊስተሩንም ቀስ በቀስ ታደክመዋለች። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በስፖንጅና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ በጭራሽ አይግባ። የሚቀመጠውም ጠባቧ ከረጢቱ ውስጥ ተጠቅጥቆ ሳይሆን ሰፊ የጥጥ ጆንያ ውስጥ ላላ ብሎ ነው።

ከሥሩ የምታነጥፉት ሸራ ከድንኳኑ ወለል ትንሽ ይነስ፤ ጫፉ ወደ ውጭ ከወጣ ዝናቡን ተቀብሎ ከጀርባችሁ ሥር ያስገባዋል። ከሚቀጥለው ጉዞ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ደጃችሁ ላይ ትከሉትና ውኃ አፍስሱበት፤ የሚያፈስ ቦታ ካለ ለመጠገን ቀን ይተርፋችኋል።