አማርኛው አንድ፣ እንግሊዝኛው ሁለት ሲሆን

ተማሪዎቼ የእንግሊዝኛ ቃል ሲያምታቱ «ረሳሁት» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አልረሱትም፤ ሁለቱንም ቃላት ያውቋቸዋል። የሚያሳስታቸው ከኋላ የቆመው አማርኛ ነው። አንድ የአማርኛ ቃል ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላትን ይሸፍናል፣ መዝገበ ቃላቱም ለሁለቱም ያንኑ ፍቺ ይሰጣል፣ አፋችን ደግሞ ቀድሞ የለመደውን ያወጣል። ስለዚህ እርማቱን ከአማርኛው እንጀምር።

ችግር፦ «ቦሮው ሚ» ብዬ ገንዘብ ጠየቅኩ፣ ሰውየው ግራ ተጋባ

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ሁለት ግስ አለው፤ የሚከፍለው ግን በሌላ መስመር ነው። መጽሐፍ እንዋሳለን፣ ገንዘብ እንበደራለን። የተዋስነውን ዕቃ ራሱን እንመልሳለን፣ የተበደርነውን ግን ምትኩን። እንግሊዝኛ ስለዚህ ልዩነት ግድ የለውም። እሱ የሚጠይቀው ሰጪው ማን፣ ተቀባዩ ማን እንደሆነ ነው። እኛ ይህን የምንለየው በግሱ መነሻ ነው፦ አበደረ፣ ተበደረ፤ አዋሰ፣ ተዋሰ። ግሱ ያው ስለሆነ እንግሊዝኛውም አንድ ቃል ይመስለናል።

መፍትሄው በእጃችን አለ። አማርኛው በ«አ» ከጀመረ «ሌንድ»፣ በ«ተ» ከጀመረ «ቦሮው»። «አበድረኝ» ማለት «ሌንድ ሚ» ነው። «ልበደር» ስትሉ «ተ» ስለማትታይ፣ ግሱን ወደ ኃላፊ ጊዜ መልሳችሁ እዩት። ቤት ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ ለ«ተከራየ»ም ለ«አከራየ»ም እንግሊዝኛው «ሬንት» ይላል፤ አከራዩን ለመለየት «ሬንት አውት» ማለት ይቻላል።

ችግር፦ ስልኬን ተሰርቄ ፖሊስ ጋ «ዜይ ስቶል ሚ» አልኩ

«ሰረቁኝ» ስንል «ኝ» የምታመለክተው ዕቃው የተወሰደበትን ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ግን ከ«ስቲል» ቀጥሎ የሚመጣው የተሰረቀው ነገር ነው። ስለዚህ ፖሊሱ የሰማው «እኔን ራሴን ሰርቀው ወሰዱኝ» የሚል ነው። ሰው ወይም ባንክ የሚከተለው «ሮብ» ነው።

እዚህ ጋ ቸኩላችሁ አትለፉ፣ ቃላችሁ መዝገብ ላይ ይሰፍራልና። በእንግሊዝም በአሜሪካም ሕግ «ሮበሪ» ኃይል ወይም ማስፈራራት ያለበት ወንጀል ነው። ሳታውቁ ከኪሳችሁ ከተወሰደ «ማይ ፎን ዋዝ ስቶለን» በሉ። በጉልበት ወይም በዛቻ ከቀሟችሁ «አይ ዋዝ ሮብድ»። አማርኛው «ተሰረቅኩ» ነው ወይስ «ተቀማሁ» ብላችሁ ራሳችሁን ብትጠይቁ መልሱ ወዲያው ይመጣል።

ችግር፦ ሐኪሙ የማያመኝን ቦታ ይመረምራል

የእኛ እግር ከዳሌ እስከ ጣት አንድ ነው። እንግሊዝኛ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቆርጠዋል፦ ከላይ «ሌግ»፣ ከታች «ፉት»። «እጄን» ስንልም እንዲሁ፤ ከአንጓው በታች «ሃንድ»፣ ከዚያ በላይ «አርም» ነው። የእጅ ጣት «ፊንገር»፣ የእግር ጣት «ቶው»። ለእናታችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ የምታስተረጉሙ ከሆነ «እግሬን» ሲሉ ወዲያው አትተርጉሙ። «የቱ ጋ ነው፣ እስቲ በጣትዎ ያሳዩኝ» በሉና ከዚያ ቃሉን ምረጡ። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀመጥ አፍሮ «የስ» እያለ ስለሚያልፍ ነው።

ፈጥነው የሚታረሙ

«ሂ ሴድ ሚ» የሚባለው «አለኝ» በቀጥታ ሲተረጎም ነው። ሰውየው ወዲያው የሚከተለው «ቴል»ን ነው፦ «ሂ ቶልድ ሚ»። «ሴይ» ግን መሃል ላይ «ቱ» ይፈልጋል።

«ነገ አስታውሰኝ» ለማለት «ሪሜምበር ሚ» ካላችሁ «እንዳትረሳኝ» ብላችሁ እንደመሰናበት ነው። ነገሩ ከራስ ጭንቅላት ሲመጣ «ሪሜምበር»፣ ሌላ ሰው ሲያነሳልን «ሪማይንድ»።

«ረጅም» ሰው «ቶል»፣ ረጅም መንገድ «ሎንግ»፣ ረጅም ተራራ «ሃይ»።

«ታሪካዊ» ሁለት ነው። የ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ታሪክ የሠራ ስለሆነ «ሂስቶሪክ» ነው፤ በዚያ ዘመን ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ ልቦለድ ደግሞ «ሂስቶሪካል»።

ችግር፦ ልዩነቱን አውቀዋለሁ፣ ስናገር ግን ይጠፋኛል

ደብተራችሁን ክፈቱ። ቃላቱ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ከሆነ የተጻፉት «ዌይት» አንድ ገጽ ላይ፣ «ኤክስፔክት» ሌላ ገጽ ላይ ነው፤ ስትናገሩ ግን ቀድሞ የሚመጣላችሁ «ጠበቀ» ነው። ስለዚህ ገጹን በ«ጠበቀ» ሰይሙትና ከሥሩ ሙሉ ሁኔታ ጻፉ፦ አውቶቡስ ስጠብቅ «ዌይት ፎር»፤ የደመወዝ ጭማሪ ይኖራል ብዬ ስጠብቅ «ኤክስፔክት»፤ ሌሊት ግቢ ስጠብቅ «ጋርድ»፤ ቃሌን ስጠብቅ «ኪፕ»።