የወገብ ኦፕሬሽን ላድርግ ወይስ ይቅር? መጀመሪያ እግርዎን ይጠይቁ

ለወራት ወገቡን ሲያመው ለቆየ ሰው «ዲስክህ ተንሸራትቷል» የሚለው ቃል እንደ ፍርድ ነው የሚሰማው። ቤተሰብም ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ቶሎ ተሠርተህ ተገላገል» ሲል ሌላው «ወገቡን ተነክቶ የዳነ ማን አለ?» ይላል። ሁለቱም ወገን ዋናውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ነው የሚፈርደው፦ ይበልጥ የሚያሠቃይዎት ወገብዎ ነው ወይስ እግርዎ?

ቀዶ ሐኪም ወገብ ላይ አስተማማኝ ውጤት የሚያገኘው በዋናነት የተጫነ ነርቭ ሲያላቅቅ ወይም የተሰበረና ያለ ቦታው የሚንቀሳቀስ አከርካሪ ሲያስር ነው። ነርቭ ሲጫን ሕመሙ ከወገብ ተነሥቶ በመቀመጫና በጭን አድርጎ ብዙውን ጊዜ ከጉልበት በታች ይወርዳል፤ ያቃጥላል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ያደነዝዛል። እንዲህ ከሆነ ቢላው የሚያነሳው ነገር አለ ማለት ነው። ወገብ ላይ ብቻ የሚቀር ሕመም ግን ከጡንቻ፣ ከመገጣጠሚያ፣ ካረጀ ዲስክ ወይም ከሁሉም ተደባልቆ ሊመጣ ስለሚችል ቆርጠው የሚያወጡት አንድ ጥፋተኛ አይገኝለትም።

ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ከመቅረብዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ደብተር ላይ ይመዝግቡ። ወገብ ከ0 እስከ 10 ስንት፣ እግር ከ0 እስከ 10 ስንት፣ ሳያርፉ የተራመዱት ስንት ደቂቃ፣ የተቀመጡት ስንት ደቂቃ። «በጣም ያመኛል» ከሚል አንድ ሰዓት ንግግር ይልቅ ይህ አንድ ገጽ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

በብልትና በመቀመጫ አካባቢ፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ በሚነካው ቦታ መደንዘዝ ከተሰማዎት፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሳያውቁት ካመለጠ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት ወይም ሁለቱም እግር ከዛለ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በአከርካሪው ታችኛ ክፍል ውስጥ ያለው የነርቮች ጥቅል ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። ኦፕሬሽኑ በ24 ቢበዛ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዘገየ ሕመሙ ቢለቅም ሽንት የመቆጣጠር አቅም ላይመለስ ይችላል። የእግር መዳፍ ወደ ላይ አልነሳ ብሎ ጫማ መሬት ለመሬት መጎተት ከጀመረም ጉዳዩ የወራት ሳይሆን የቀናት ነው።

ሌላው በአገራችን ፈጽሞ የማይረሳ ነገር ቲቢ ነው። የወገብ ሕመሙ ከሌሊት ላብ፣ ከትኩሳት ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ፣ ቢተኙም ካልታገሰ፣ ወይም ጀርባ መሃል ጉብታ ከወጣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ይህ በአብዛኛው በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ሕክምናው እስከ 12 ወር ይወስዳል፤ ኦፕሬሽን የሚያስፈልገው ነርቭ ሲጎዳ ወይም አከርካሪው ሲፈርስ ነው። ጥሬ ወተት የሚጠጡ ወይም ከብት የሚያረቡ ከሆነ ብሩሴሎሲስ (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ) እንዲመረመርልዎ ይጠይቁ። እነዚህ ምልክቶች እያሉ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ወገብን ማስጠምዘዝ የተበላን አከርካሪ ሊያፈርስ ይችላል።

«ሁሉንም ሞክሬያለሁ» ማለት ምን ማለት ነው?

ዲስክ እንደ ሳንቲም አይንሸራተትም። በሁለት አከርካሪዎች መካከል ያለ ትራስ ነው፤ ጠንካራው ዙሪያ ሲሰነጠቅ ለስላሳው መሃል ወደ ውጭ ይወጣና ነርቭ ይነካል። ስለዚህ ማንም በእጁ «ወደ ቦታው ሊመልሰው» አይችልም። የወጣውን ግን ሰውነት ራሱ ብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ ይመጥጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ከ6 እስከ 12 ሳምንት በከባድ የእግር ሕመም የቆዩ 283 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ቶሎ እንዲሠሩ የተደረጉት ፈጥነው ተሻላቸው። ዓመት ሲሞላ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው አገግሞ ነበር፤ እንዲጠብቁ ከተደረጉት ውስጥም ውሎ አድሮ የተሠሩት 39 በመቶው ናቸው። እንግዲህ እግር እየደከመ ካልሄደ በቀር ምርጫው በመዳንና ባለመዳን መካከል አይደለም። የሚመረጠው ፍጥነት ነው። የቀን ሥራው ካልተሠራ ቤቱ የሚራብ ሰው ለፍጥነቱ ሲል ቢመርጠው ስንፍና አይደለም።

መጠበቅ ሲባል ግን መተኛት አይደለም። ከሁለት ቀን በላይ አልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ያላላል። በቀን ሦስት ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በመራመድ ይጀምሩና በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥቂት ደቂቃ እየጨመሩ ወደ 30 ያድርሱ። ፊዚዮቴራፒ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያህል፣ ቤትም በየቀኑ እየተሠራ መሆን አለበት። አምስት ቀን ተመላልሶ ሙቀትና ኤሌክትሪክ አስደርጎ መመለስ «ፊዚዮቴራፒ ሞክሬ አልሆነልኝም» አያሰኝም፤ ዋናው እንቅስቃሴው ነው። እንቅስቃሴው እየረዳ መሆኑን የሚለዩበት አንድ ዘዴ አለ፦ ሕመሙ ከእግር ጣት ወደ ባት፣ ከባት ወደ ጭን እየሸሸ ወገብ ላይ ቢሰበሰብ፣ ወገቡ ለጊዜው ቢብስ እንኳ መልካም ምልክት ነው። ወደ ታች እየወረደ ከሄደ ያንን እንቅስቃሴ አቁመው ለባለሙያው ይንገሩ።

መድኃኒት ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ድርብርብ ነው። ቤት አይቡፕሮፌን እየዋጡ ክሊኒክ ሄዶ ዲክሎፌናክ መወጋት የአንድ ቤተሰብ መድኃኒት ሁለት ጊዜ መውሰድ ነው፤ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ሁለቱን አንድ ላይ አይውሰዱ፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም እርግዝና ካለ አንዱንም ያለ ሐኪም አይንኩ። ለእግር ሕመም በሰፊው የሚታዘዘው ፕሪጋባሊንም እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ከማስመሰያ ክኒን አልተሻለም፤ ማዞሩን ግን ጨምሯል። ወገብ ላይ፣ ነርቩ አጠገብ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ለአንዳንዱ የጥቂት ሳምንታት እፎይታ ይሰጣል፤ ጊዜ መግዣ አድርገው ይዩት።

ኤምአርአዩን (የወገብ ውስጥ ምስሉን) አያምልኩት

እ.ኤ.አ. በ2015 የተጠናቀረ ግምገማ ምንም ወገባቸውን የማያማቸው 3110 ሰዎችን ምስል ተመለከተ። በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶው፣ በ50 ዓመት 80 በመቶው፣ በ80 ዓመት 96 በመቶው ያረጀ ዲስክ ተገኘባቸው። ዲስኩ ያበጠባቸውም በ50 ዓመት 60 በመቶ ነበሩ። ዲስክ ማርጀት እንደ ሽበት ነው። ሪፖርቱ ላይ አራት ቦታ ችግር ተጽፎ ማየት አራት ቦታ መሠራት አለብኝ ማለት አይደለም።

የሚያስፈልገው ምስሉና እግርዎ አንድ ነገር መናገራቸው ነው። በኤል4–ኤል5 (የወገብ አራተኛና አምስተኛ አከርካሪ) መካከል የወጣ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የኤል5ን ነርቭ ይጫናል፤ ሕመሙ ከባት ውጫዊ ጎን ወደ እግር ጀርባና ወደ አውራ ጣት ይሄዳል፣ በተረከዝ መራመድም ያቅታል። የኤል5–ኤስ1 (ኤስ1 ከወገብ በታች ያለው የመጀመሪያው አከርካሪ ነው) ዲስክ ደግሞ የኤስ1ን ነርቭ ይጫናል፤ ሕመሙ በባት ኋላ ወርዶ ወደ ትንሿ ጣት ይሄዳል፣ በጣት ጫፍ መቆም ይከብዳል። ቤትዎ ይሞክሩት፦ አሥር እርምጃ በተረከዝ፣ አሥር በጣት ጫፍ፣ ከዚያ በአንድ እግር ቆመው አሥር ጊዜ ተረከዝ ማንሳት። ምስሉ ግራን እያሳየ የሚያምዎት ቀኝ ከሆነ ኦፕሬሽኑ የሚያወጣው ነገር የለም። ምስሉ ከስድስት ወር በላይ ከሆነውም ከመሠራትዎ በፊት ይደገም፤ የወጣው ዲስክ በመሃሉ ሟሙቶ ሊሆን ይችላል።

ዕድሜያቸው ወደ 60 የተጠጋና ከዚያ ያለፈ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሌላ ችግር ነው ያለባቸው፤ የነርቭ መተላለፊያው መጥበብ። መቶ ሜትር ሲሄዱ እግራቸው ይከብዳል፤ ሲቀመጡ ወይም ከዘራ ተደግፈው ጎንበስ ሲሉ ይለቃቸዋል። ዝም ብሎ መቆም ብቻ የሚያስታግሰው ከሆነ ግን ጥፋቱ የእግር ደም ሥር ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱ ይመርመር።

የትኛው ኦፕሬሽን?

«የወገብ ኦፕሬሽን» አንድ ነገር አይደለም። የወጣውን የዲስክ ቁራጭ ማውጣት ከ2 እስከ 4 ሳንቲሜትር ቀዳዳ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ በሽተኛው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይራመዳል። ከመቶ ሰው ከ5 እስከ 15ቱ ዲስኩ ተመልሶ ይወጣባቸዋል። ጠባብ መተላለፊያን ማስፋት ከዚህ ጥቂት ይከብዳል። በብሎንና በዘንግ አከርካሪን ማሰር ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ለሰዓታት ይቆያል፣ ደም ይፈሳል፣ አጥንቱ እስኪገጥም ከ6 ወር እስከ ዓመት ይፈጃል፣ ከታሰረው በላይና በታች ያሉትም ዲስኮች ይበልጥ ይጫናቸዋል።

ስለዚህ ብሎን ከተነሣ «ለምን?» ብለው ይጠይቁ። ስብራት፣ የፈረሰ አከርካሪ፣ ብዙ የሚንቀሳቀስ መንሸራተት ካለ መልሱ ግልጽ ነው። «ዲስክዎ ስላረጀ» ብቻ ከሆነ ይጠንቀቁ፤ በኖርዌይና በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2005 የታተሙ ጥናቶች ማሰርን ከተጠናከረ የእንቅስቃሴ ፕሮግራም ጋር ሲያነጻጽሩ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። የእንግሊዝ መንግሥት የሕክምና መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለተራ የወገብ ሕመም ማሰርን ከጥናት ውጭ እንዳይሰጥ ይላል። ለመተላለፊያ መጥበብም በ247 ሰዎች ላይ የተደረገ የስዊድን ጥናት ማስፋት ላይ ማሰርን መጨመር ውጤቱን እንዳላሻሻለ እ.ኤ.አ. በ2016 አሳይቷል።

ከሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ እነዚህን ጠይቀው መልሱን ይጻፉ፦ የሚነካው የትኛው ነርቭ ነው? ከእግሬና ከወገቤ የትኛው ይቀንሳል ብለው ይጠብቃሉ? ሦስት ወር ብጠብቅ ምን አጣለሁ? ብሎንና ሌላው ዕቃ በተነገረኝ ዋጋ ውስጥ ተካቷል? ሁለተኛ ሐኪም ላሳይ ሲሉ የሚቆጣ ካለ ያ ራሱ መልስ ነው። ባንኮክ ወይም ሕንድ ለመሄድ ካሰቡ ምስሉን በሲዲ ይዘው እዚህ ቢያንስ አንድ የአከርካሪ ሐኪም ያማክሩ። ሲመለሱ የኦፕሬሽኑን ዝርዝር ጽሑፍና የብሎኑን ዓይነት የሚገልጸውን ወረቀት ሳይዙ አይውጡ፤ በኋላ ችግር ቢመጣ እዚህ የሚያየው ሐኪም ያለ እሱ በጨለማ ነው የሚሠራው።

ከወሰኑ

ሲጋራ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ይቁም፤ ማሰር ከሆነ አጥንቱ እስኪገጥም አይመለስ፤ ኒኮቲን አጥንት እንዳይገጥም ያደርጋል። የሦስት ወሩ የስኳር አማካይ (HbA1c የሚባለው የደም ምርመራ) ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ ቁስል ስለሚያመረቅዝ መጀመሪያ ስኳሩ ይስተካከል። አስፒሪን፣ ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ)፣ የባሕል መድኃኒትም ሳይቀር ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በራስዎ ግን አያቁሙ።

ቤቱንም ያዘጋጁ። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከ5 ኪሎ በላይ አይነሳም፤ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውኃ 20 ኪሎ ነው። ዱካ ላይ መቀመጥ፣ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት፣ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብሎ መጋገር ይቅር፤ ስግደቱንና ሶላቱንም ወንበር ላይ ሆነው ያድርሱ። የዲስክ ቁራጭ ለወጣለት የቢሮ ሥራ ከ2 እስከ 6 ሳምንት፣ የጉልበት ሥራ ወደ ሦስት ወር ነው የሚመለሰው።

የእግሩ ሕመም ቀድሞ ይለቃል፣ ድካሙ ይከተላል፣ መደንዘዙ መጨረሻ ነው፤ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ አንዳንዴም ጥቂቱ ይቀራል። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል ወይም ንጹሕ ውኃ መሰል ፈሳሽ፣ ቀና ሲሉ የሚብስ ራስ ምታት፣ የአንድ ባት ማበጥ፣ ሽንት አልወርድ ማለት ካለ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቁ ወደተሠሩበት ይመለሱ።