የኩኪ ፈቃድ ጥያቄን እንዴት እንደምንገላገል

ዜና ላንብብ ብላችሁ ሊንኩን ትጫናላችሁ። ርዕሱን ሳታዩ የስልካችሁን ግማሽ የሚሸፍን ሳጥን ይደነቀራል፦ «ኩኪ እንጠቀማለን፣ ይስማማሉ?» እኔ ለዓመታት «አክሰፕት ኦል» እያልኩ አልፌዋለሁ። የቸኮለ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?

ኩኪ ገጹ ስልካችን ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ ፋይል ነው፤ ላውንደሪ ልብስ ስንሰጥ እንደሚቆረጥልን ካርኒ። ተመልሰን ስንመጣ ገጹ በእሱ ይለየናል። ይህ ባልከፋ። ግን የማስታወቂያ ድርጅቶችም በዚያው አጋጣሚ የራሳቸውን ካርኒ ኪሳችን ይከታሉ፤ በየሄድንበት ገጽም ያነቡታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 «መጀመሪያ አስፈቅዱ» የሚል ሕግ አወጣ። በ2018 ጂዲፒአር የሚባለው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ሲጨመርበት ሳጥኑ እኛም ጋ ደረሰ።

1. የሦስተኛ ወገን ኩኪን፣ ማለትም የገጹን ሳይሆን እንደ ማስታወቂያ ድርጅቶቹ ያሉትን ካርኒ፣ ዝጉ። ስልክ ላይ ክሮም ከሆነ ሦስቱን ነጥቦች፣ ሴቲንግስ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ «ሰርድ ፓርቲ ኩኪስ»። አይፎን ላይ ሳፋሪ ከ2020 ጀምሮ በራሱ ይዘጋል። ሳጥኑ በዚህ አይጠፋም፤ ግን በስህተት «እሺ» ብትሉም ጉዳቱ ይቀንሳል።

የዘጋችሁት የሦስተኛ ወገንን ብቻ መሆኑን አረጋግጡ። እኔ አንድ ቀን ተናድጄ ኩኪ የሚባል ነገር በሙሉ ዘጋሁ። በማግስቱ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ልሞላ ተቀመጥኩ። ኢሜይልና የይለፍ ቃል አስገብቼ ስጫን መልሶ እዚያው መግቢያው ላይ ይጥለኛል። የይለፍ ቃሌን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። በመጨረሻ አካውንቴ ተቆለፈ። ካርኒ አልቀበልም ያልኩት እኔው ነኝ፣ ገጹ በምን ይወቀኝ? ማመልከቻው ደግሞ የሚዘጋው የዚያኑ ሌሊት ነበር።

2. እምቢታችሁን እስከ መጨረሻው አድርሱ። «ሪጀክት ኦል» ካለ እሱን ተጫኑና እለፉ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣቸው፣ መቀበል በአንድ ክሊክ ሲያልቅ እምቢ ማለት ግን ብዙ ክሊክ ስለሚጠይቅ ነው። ጉግል ከጥቂት ወራት በኋላ አውሮፓ ውስጥ የእምቢታ አዝራር መጨመር ጀመረ።

ብዙ ገጾች ግን ዛሬም አዝራሩን ይደብቁታል። «ማኔጅ» ወይም «ኦፕሽንስ» የሚለውን በደብዛዛ ቀለም የተጻፈ ነገር ፈልጉ። ውስጥ ስትገቡ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ሁሉ የጠፉ ይመስላሉ። አትመኑ። ጎን ላይ «ሌጂቲሜት ኢንተረስት» (ሳናስፈቅድም መጠቀም እንችላለን የሚሉበት) የሚል ሌላ ክፍል ካለ ክፈቱት፤ እዚያ ብዙ ጊዜ ሁሉም በርቶ ነው የሚጠብቃችሁ። «ኦብጀክት ኦል» የሚል ካለ በአንዴ ያጠፋላችኋል፤ ከሌለ አንድ በአንድ ነው።

ከዚያ ዋናው ወጥመድ ይመጣል። ታች ሁለት አዝራሮች አሉ። ትልቁና ደማቁ «አክሰፕት ኦል» ነው፤ ፈዘዝ ያለው «ሴቭ» ወይም «ኮንፈርም»። እጃችን ለምዶ ደማቁን ይነካል፣ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል። ፈዛዛውን ንኩ።

3. ሂስትሪ ስታጸዱ ኩኪውን ተዉት። እኔ በየማታው እጠርግ ነበር፤ ጠዋት ሳጥኖቹ ሁሉ ተመልሰው ይጠብቁኛል። ለካ «እምቢ» ማለቴም የሚመዘገበው በኩኪ ነው!

4. ይህ ሁሉ ከሰለቻችሁ ሳጥኑን የሚደብቅ መሣሪያ ጫኑ። የአንድሮይድ ክሮም ተጨማሪ መሣሪያ አይቀበልም፤ ፋየርፎክስ ይቀበላል። ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን መሣሪያ ጫኑ፣ ሴቲንጉ ውስጥ «ፊልተር ሊስትስ» ግቡ፣ «ኩኪ ኖቲስስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ፣ «አፕላይ» በሉ። ብሬቭ ብሮውዘር ይህንን የሚያደርግ መሣሪያ አብሮት ይመጣል፤ ለጀማሪ የምመርጠው እሱን ነው። ሳጥን ባዩ ቁጥር በራሳቸው «አክሰፕት» እየተጫኑ የሚያልፉም መሣሪያዎች አሉ። እነሱን አልመክርም፤ ሌባውን በር ከፍቶ እንደማስገባት ነው።

መሣሪያው ሳጥኑን ሲደብቅ አንዳንድ ገጽ መልሳችንን እየጠበቀ ይደርቃል። ወደ ታች አይወርድም፣ አዝራሩም አይሠራም። ያኔ ለዚያ ገጽ ብቻ መሣሪያውን አጥፉት፣ ገጹን እንደገና ክፈቱ፣ ሳጥኑ ሲመጣ ወደ ተራ ቁጥር 2 ተመለሱ።